ከአቦሜ መቃብር ቁንጥር አፈር

ሥራ የጀመርኩት አንድ ሰኞ ጠዋት ነው፤ አሜሪካ፣ አሌክሳንድሪያ፣ ላንድማርክ አካባቢ፣ ከፀጉር ቤት በላይ ባለች ጠባብ የጉዞ ወኪል ቢሮ። ከዚያ በፊት ክሪስታል ሲቲ ፓርኪንግ እሠራ ነበር። አለቃዬ ጋሽ ታደሰ ወንበር እንኳ ሳያሳዩኝ የአስጎብኚነት ሥራዬን ነገሩኝ።

«ፓስፖርታቸው ከእጅህ አይለይ። የቢጫ ወባ ክትባት ካርድ የሌለውን አታሳፍር። ችግር ከመጣ መጀመሪያ ለኔ ኮል አድርግ።»

«ኮል እስካደርግ ባይጠብቀኝስ?»

«እሱን ያኔ ታየዋለህ» አሉኝ። ተፈጥሮዬ ፈሪ ነው፤ መልሳቸው አላጽናናኝም።

አምስት ዓመት ተሳላሚዎችን ይዤ ኢየሩሳሌም ተመላለስኩ። ሰዎቻችን ከረገጡት ቅዱስ ቦታ ሁሉ አፈር ቋጥረው፣ ጠበሉን በጠርሙስ ሞልተው ይመለሳሉ። ጉምሩክ ላይ ከመሳቀቅ በቀር ማንንም ከልክዬ አላውቅም።

ከዚያ ከሲልቨር ስፕሪንግ አንድ ቤተሰብ መጣ። ልጃቸው ሰላም የቤኒን ሰው ልታገባ ነው፤ ሠርጉ በሙሽራው አገር፣ አቦሜ በምትባል ከተማ፣ ቅዳሜ። አሥራ አንድ ዘመድ ይዤ ሄድኩ። ሙሽራዋ አውሮፕላኑ ላይ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ «ፕሊስ፣ የእጮኛዬን አጎት እንዳናስቀይመው። የቤተሰቡ ኃላፊ እሱ ነው። እሱ ኖ ካለ ሠርግ የለም» አለችኝ። ከዚያ በኋላ እንቅልፍ አልወሰደኝም።

ሐሙስ ዕለት አጎትየው የጥንት ነገሥታቱን ቤተ መንግሥት ሊያስጎበኘን ራሱ መጣ። የነገሥታቱ ዘር ነው። ግቢው ሰፊ፣ ግንቡ ቀይ ጭቃ፣ በላዩም አንበሳና ሻርክ ተቀርጾበታል። አንዱን ግንብ እየዳሰሰ «የዚህ ግንብ ጭቃ የተቦካው በጠላት ደም ነው ይባላል» አለ። የኛ ሰዎች አማተቡ። እኔም እጄን ከግንቡ ሰበሰብኩ።

የንጉሡ መቃብር የጣራው ሣር መሬት ሊነካ የደረሰ ዝቅተኛ ጎጆ ነው። ጫማ ወልቆ፣ ጎንበስ ተብሎ ይገባል። ጠባቂዋ አሮጊት ናት። አጎትየው ቃሏን ወደ እንግሊዝኛ መለሰልን፦ ፎቶ የለም፣ የሚነካ የለም፣ ሰበዝ እንኳ ከዚህ አይወጣም። እኔም ለሰዎቼ በአማርኛ አስረዳሁ።

ጫማ ማውለቁ ግን ለኛ ሰው ቤተ ክርስቲያን ነው። የሙሽራዋ አያት እማማ አስካለ ጉልበታቸውን ከታመሙ ዓመታት አልፈዋል። ተንበርክከው መሬቱን ተሳለሙ፤ ቀስ ብለው ቁንጥር አፈር አንስተው በነጠላቸው ጫፍ ቋጠሩ። አየሁ። «እማማ፣ ይመልሱት» ማለት ብቻ ነበር የሚጠበቅብኝ። እንደ እናቴ ያሉትን ሴት በዘመድ ፊት እንዴት ብዬ? ቀና ብዬ የጣራውን ሣር ማየት ጀመርኩ።

ወጥተን ጫማችንን ስናደርግ ጠባቂዋ ከውስጥ እየጮኸች ወጣች። ተጠርጎ የተስተካከለው መሬት ላይ የጣት ምልክት አግኝታለች። የአጎትየው ፊት ተለወጠ።

«ማነው?»

የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል። ሙሽራዋ እኔን አየችኝ።

«እኔ ነኝ» አልኩ። ጀግንነት አይደለም። ቅጥረኛ ቢባረር ሠርግ አይፈርስም ብዬ አስልቼ ነው።

ጠባቂዋ እጄን ያዘች፤ መዳፌን ገልብጣ ጣቶቼን አንድ በአንድ አየች። ንጹሕ ናቸው። የዚያ አገር አፈር ደግሞ የነካውን ሁሉ ያቀላል። አጎትየው ድምፁን ዝቅ አድርጎ «በአያቶቼ ፊት ነው የዋሸኸው» አለኝ። ቢጮህብኝ ይሻለኝ ነበር። ሙሽራዋ ማልቀስ ጀመረች።

ያኔ እማማ አስካለ ያደረጉትን ጫማ መልሰው አወለቁና ነጠላቸውን ፈቱ።

«ልጄ፣ ንገርልኝ። በኛ አገር ከቅዱሳን መቃብር አፈር ይወሰዳል፣ እምነት ይባላል፣ ለበሽታ ነው። ለጉልበቴ ብዬ ነው። ንጉሣቸውን ንቄ አይደለም።»

እየተንተባተብኩ ተረጎምኩ። አጎትየው በቋንቋቸው ደገመው። ጠባቂዋ የእማማን ክንድ ይዛ ወደ ውስጥ አስገባቻቸው። ውጭ ቆመን ቀረን። ምን ያደርጓቸው ይሆን? ሰላምስ ምን ልትሆን ነው? በሕይወቴ እንደዚያ ፈርቼ አላውቅም።

እማማ በጠባቂዋ ትከሻ ተደግፈው ወጡ፤ ነጠላቸው ባዶ ነው። አጎትየው ሁለቱን አሮጊቶች ቆይቶ አያቸውና ወደ ሙሽራዋ ዞረ።

«ሠርጉ ቅዳሜ ነው» አላት። ከዚያ ወደ እኔ መጣ። «አያትየዋ አክብራ ወሰደች። አንተ ግን ስትወስድ አይተሃል?»

«አዎ።»

«ቅዳሜ አንተ አትምጣ።»

ቅዳሜ ሆቴል ተቀመጥኩ። ከበሮው እስከ መስኮቴ ይሰማ ነበር።

ብዙ ጊዜ ታላቅ አክብሬ ዝም አልኩ እያልኩ አወራሁ። ውሸት ነው፤ እንዳይቆጡኝ ፈርቼ ነው። አሁን አዲስ አስጎብኚ ሲመጣ የምነግረው ይህን ነው፦ ጥፋት ስታይ እዚያው ባየህበት ተናገር። አንቱ እያሉም መከልከል ይቻላል።