የዘይነባ አድራሻ

ባለፈው ሳምንት አብራኝ የምትሠራ ወጣት የሠራችውን ድረ ገጽ ልታሳየኝ ጠራችኝ። «አስተዳዳሪ ያልሆነ ሰው ሲገባ ይህ ሁሉ አይታየውም» አለችኝ በኩራት። መረጃውን የሚልከው ሰርቨርስ የገባውን ሰው ማንነት ያጣራል ወይ ብዬ ጠየቅኳት። «ካልታየው ምን ያደርገዋል?» ብላ ሳቀች። እኔ መሳቁም መቀመጡም አቃተኝ።

በሃያ አራት ዓመቴ ካርቱም ነበርኩ። ካላክላ ሰፈር ቤት ተከራይቼ፣ የቤት ሠራተኞችን ከአሠሪ በሚያገናኝ ትንሽ ቢሮ እሠራ ነበር። ከመጽሐፍ ለቃቅሜ በተማርኳት እውቀት ድረ ገጽ ሠራሁላቸው። አሠሪ በይለፍ ቃሉ ሲገባ የሠራተኞቹን ስምና ሙያ ብቻ ያያል፤ የቢሮው ሰው ግን አድራሻቸውንም ያያል። ጉራዬ ለብቻው ነበር።

ዘይነባ የወሎ ልጅ ናት። በእኛው ቢሮ በኩል የተቀጠረችበት አሠሪ ፓስፖርቷን ቀምቶ በር ሲቆልፍባት ከርሞ፣ አንድ ቀን አምልጣ መጣች። ጀሪፍ በሚባል ሰፈር ማረፊያ ተገኘላት። «ከዳቦ ቤቱ ጀርባ፣ ሰማያዊ በር» ብዬ ድረ ገጹ ላይ የመዘገብኩት እኔ ነኝ።

«ወንድሜ፣ ይሄን ያ ሰውዬ አያየውም አይደል?»

«ወላሂ፣ ማንም አያየውም!» አልኳት። ክርስቲያኑ ሰውዬ በወላሂ ማልኩላት።

ሳይደግስ አይጣላም፤ አንድ ረፋድ ደንበኛችን የሆኑ ሱዳናዊ ሽማግሌ ወረቀት ይዘው መጡ። «ያ ወለዲ፣ ይህን ኮምፒውተር የሚያውቀው ልጄ ከገጻችሁ ውስጥ አወጣልኝ። ይቺን ሠራተኛ ቤቷ ሄጄ ላነጋግራት?» አሉኝ። ወረቀቱን ሳየው ክው አልኩ። የሁሉም አድራሻ አለ! ለካ መረጃውን ሁሉ ወደ አሠሪው ኮምፒውተር እየላክሁ፣ እዚያ ከደረሰ በኋላ ነበር ገጹ እንዲሸፍነው ያደረግሁት። የገጹን ኮድ ከፍቶ ማንበብ ለሚችል ሰው ምንም አልተደበቀም። የዘይነባን አሠሪ መግቢያ ደግሞ የዘጋው የለም። ማን መቼ እንደገባ የሚያሳየውን መዝገብ ሳይ፣ ሰውዬው በዚያው ጠዋት ገብቷል።

ድረ ገጹን አጥፍቼ ወደ ጀሪፍ ሚኒባስ ሮጥኩ። ሳይሞላ አይሄድም። ሀቡብ የሚሉት የአሸዋ ማዕበል ተነስቶ አቧራው ጥርሴ ላይ ይንቋቋል፤ ከጎኔ የተቀመጠው ሰው ግን ተረጋግቶ ጣሚያ ሳንድዊቹን ይበላል። ረዳቱን «ያላ፣ እንሂድ!» ስለው «ኢንሻአላህ፣ ያ ኡስታዝ፣ ሁለት ሰው ብቻ» ይለኛል። ወርጄ በእግሬ ልሂድ እያልኩ ሦስት ጊዜ ተነስቼ ተቀመጥኩ።

ሰማያዊውን በር ስደበድብ ራሷ ከፈተችልኝ። የሆነውን ሁሉ ነገርኳት። አልጮኸችም፤ ልብሷን በጨርቅ ቋጥራ ቀድማኝ ወጣች። ሶባ ሰፈር የምትኖር አንዲት ያገሯ ሴት ነበረቻት። ወደዚያ በሚሄድ ሚኒባስ ተሳፈርን።

ስንወርድ «ቤቱ የቱ ነው? እየመጣሁ እጠይቅሻለሁ» አልኳት።

«አይ ወንድሜ፣ አንተ ከዚህ ተመለስ። አላህ ይስጥልኝ» አለችኝ። ዞሬ ከዓይኗ እስክርቅ ድረስ ቋጠሮዋን ይዛ መንገዱ ላይ ቆማ ቆየች።

ይህን ለወጣቷ ስነግራት ሥራዋን እንደገና ከፈተችው። «ዘይነባስ ከዚያ የት ገባች?» አለችኝ። አላውቅም። ያን ቀን ብትነግረኝ ኖሮ፣ ቢሮ ስመለስ መዝገቡ ላይ እጽፈው ነበር።