ማንም ያላዘዘው ለስላሳ

የሆሳዕና ከተማ ምግብ ቤቶች ነህምያ ኤርሲዶን ሲያሙት «አቶ ለምን» ይሉታል። ሐሜቱ ውሸት የለበትም። ነህምያ በከተማው ጤና ጽሕፈት ቤት የንጽህና ተቆጣጣሪ ሆኖ አሥራ አንድ ዓመት ሠርቷል። ሌላው ተቆጣጣሪ የወጥ ቤቱን ወለል አይቶ ፈርሞ ሲሄድ፣ እሱ ድስት ከፍቶ «ይሄ ለምን እዚህ ተቀመጠ?» ካላለ ምሳው አይወርድለትም። ሌሞ ገጠር ሲያድግም እንዲሁ ነበር። ጥያቄ ሲያበዛባት እናቱ «ሂድና እንሰቱን ጠይቀው» ብላ ታባርረው ነበር አሉ።

እሑድ አምልኮ ሲያልቅ ቤተሰቡ ሁሉ ልጆቹን አስከትሎ ምሳ ይወጣል፤ በልጆቹም ፊት ለስላሳ ይደረደራል። ነህምያ ይህን ነገር ልብ ያለው ልጁ ሐዳሳ በስድስት ዓመቷ ሁለት ጥርስ የተነቀለች ዕለት ነው። ሐኪሙ «ምን ታጠጧታላችሁ?» ሲለው የእሑዱ ለስላሳ ትዝ አለው። የሰውን ወጥ ቤት ሲያበጥር የኖረ ሰው በገዛ ልጁ አፍ አፈረ። እውነቱን ለመናገር፣ አልቅሷልም።

ከዚያ ደንብ አረቀቀ፦ ምግብ ቤት ለልጅ ምሳ ሲያቀርብ አብሮ ውሃ ወይም ወተት ያቅርብ፤ ለስላሳ ካልታዘዘ አይምጣ። የጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ ወይዘሮ ማኅሌት አነበቡና «በአንድ ቤት አራት እሑድ ሞክረው» አሉት። «በአራተኛው እሑድ ከልጆቹ ከግማሽ በላይ ለስላሳ ከጠጡ ግን ረቂቁ መሳቢያ ይገባል። እንዳትቀየመኝ።»

ሙከራውን እሺ ያለችው ትርፊት ናት፤ መናኸሪያው አጠገብ ምግብ ቤት ያላት፣ ራሷ አብስላ ራሷ የምታስተናግድ፣ ምላሷ ከቢላዋዋ የማያንስ ሴት። «ደንበኛ ካሸሸህብኝ ግን ወንድሜ፣ የተረፈውን ክትፎ ብቻህን ትጨርሳታለህ» አለችው።

የመጀመሪያው እሑድ ላይ አንድም ወላጅ አልተቆጣም። ውሃው ቀረበ፤ ወተቱም ቀረበ። ነህምያ ደስ ብሎት ሊወጣ ሲል ዞር ብሎ ቢያይ፣ ከአርባ ገደማ ልጆች በሠላሳ ሦስቱ ፊት ለስላሳ ተገትሯል። ወላጆቹን ጠየቀ፤ «እኛ አላዘዝንም» አሉ። ትርፊትን «በደንቡ ነው የሠራሽው?» አላት፤ «አንዲት አላጓደልኩም» አለች። ሁለተኛውም እሑድ ያው ሆነ። ነገሩ ውሃ ቅዳ ውሃ መልስ ሆነበት፤ ግን ከመናደዱ ይልቅ ጉጉቱ ባሰ። ማንም ያላዘዘው ለስላሳ ከየት ይመጣል?

በሦስተኛው እሑድ ጥግ ይዞ ሻይ አዝዞ ተቀመጠ። ከቦኖሻ የመጣ አንድ የእህል ነጋዴ ገባ። ወዲያ ማዶ የሚያውቀውን ቤተሰብ አየና ገና ሳይቀመጥ ለትርፊት በጣቱ ልጆቹን አሳያት። ወዲያው ለስላሳ ሄደላቸው። አባትየው ከወንበሩ ብድግ ብሎ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ አመሰገነ። ትንሽ ቆይቶ ያ አባት ራሱ ለሌላ ጠረጴዛ ልጆች ላከ። ነህምያ ብቻውን ሳቀ። ለካ ወላጅ ያላዘዘውን አገር ያዝዛል!

«ታውቂ ነበር?» አላት ትርፊትን።

«አሳምሬ!»

«ታዲያ ምነው ሳትነግሪኝ?»

«በደንቡ ሠራሽ ወይ አልከኝ እንጂ ማን ላከ ብለህ መቼ ጠየቅኸኝ?»

አቶ ለምን ተሸነፈ። ወላጆቹ ይመልሱት ቢል ደግሞ ትርፊት ጮኸችበት፤ «የሰው አክብሮት ይመለሳል እንዴ? ጠብ ልትጭርብኝ ነው?» በመጨረሻ «ለልጆች ሲልኩ ወተት ይላኩ» የሚል ወረቀት በሩ ላይ ለጠፉ።

በአራተኛው እሑድ ወረቀቱ ሠራ። አንዳንዱ እያነበበ፣ እየሳቀ ወተት ላከ። ጾመኛውም ለልጆቹ ውሃ ተላከለት። ምሳው ሊያበቃ ሲል ልጆቹ ሠላሳ ሰባት፣ ለስላሳ የደረሳቸው አሥራ ስምንት ነበሩ። ነህምያ እስክሪብቶውን ሊከድን ነው፤ ጋሽ ተክለ ሃይማኖት ሦስት የልጅ ልጆቻቸውን ይዘው በበሩ ገቡ። ከሀዲይኛ በቀር የማይናገር የገጠር ልጅ ሳለ፣ ነህምያን ከክፍል በኋላ እያስቀሩ አማርኛ ያስተማሩት መምህሩ ናቸው። ነህምያ ዘሎ ተነሣ፤ ጎንበስ ብሎ በሁለት እጁ ጨበጣቸው። ወንበር ሳበላቸው። ወደ ትርፊትም ዞር ብሎ «ለልጆቹ የሚጠጣ ነገር!» አለ።

ሦስት ለስላሳ ተከፈተ።

ነህምያ ክው አለ። ጋሽ ተክለ ሃይማኖት ትከሻውን መታ መታ አድርገው «እደግ ልጄ፣ ሰው አክባሪ ሆነህልኛል» ብለው መረቁት፤ ልጆቹም ጠጡ። ሃያ አንድ ከአርባ። ትርፊት ጠጋ ብላ «ያንተን ተዋት፤ ማን ያያል?» አለችው። ልቡ ፈልጎ ነበር። ረቂቁ መሳቢያ ከገባ ተመልሶ እንደማይወጣ ያውቃል። ሐዳሳ ድዷን ይዛ ያለቀሰችው ትዝ አለው። የቆጠራ ወረቀቱን ሳበና «ላኪ» በሚለው አምድ ሥር የራሱን ስም ሦስት ጊዜ ጻፈ።

ሰኞ ስብሰባ ላይ ወይዘሮ ማኅሌት የቆጠራ ወረቀቱን ጮክ ብለው አነበቡ። ስሙ ላይ ሲደርሱ ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። «አንተ ራስህ ለስላሳ አዘዝክ?» አሉት።

አዎ ሊል አፉን ከፈተ፤ ግን «አላዘዝኩም» አለ፣ ራሱም እየተገረመ። «የሚጠጣ ነገር ነው ያልኩት። ለስላሳ የሚል ቃል ከአፌ አልወጣም። ያ የቦኖሻው ነጋዴም ልጆቹን በጣቱ አሳየ እንጂ ምንም አልጠራም። እኛ ላኩ እንላለን፤ ምን እንደሚላክ የምትወስነው የትርፊት እጅ ናት። እሷም ለምዳ ነው።»

ሳቁ ቆመ። ሁሉም ባለፈው እሑድ ራሱ ምን ብሎ እንደነበር ሲያስታውስ ፊቱ ላይ ይነበብ ነበር። «እኔም ለወንድሜ ልጆች እንዲሁ ነው ያልኩት» አሉ ወይዘሮ ማኅሌት፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።

ቁጥሩ ቁጥር ነውና ደንቡ ያን ቀን አልጸደቀም። መሳቢያም አልገባም፤ ሌላ አራት እሑድ ተሰጠው። ቃለ ጉባኤው ሙከራውን ያከሸፉት ሦስት ለስላሳዎች በአቶ ነህምያ ኤርሲዶ የተላኩ መሆናቸውን መዘገበ። ከሥሩም በረቂቁ ላይ የተጨመረው መስመር ተጻፈ፦ ደንበኛ ለልጅ የሚጠጣ ልኮ ዓይነቱን ካልጠራ፣ ወተት ወይም ውሃ ይቅረብ። ነህምያ ሁለቱንም አነበበና ፈረመ።