ከጭቃው ሥር የመጣ ስንኝ

ፀጉር አስተካካዩን ሰፈርተኛው «ምላጩ» ነበር የሚለው፤ ምላሱ ከያዘው ምላጭ ይብስ ነበርና። ተራራው የተናደ ክረምት ግን ያ ሁሉ ቀልድ ድራሹ ጠፋ። ከሥሩ ያሉት ቤቶች በጭቃ ተውጠው ሰው በዶማ፣ በእጁ፣ በድስት ክዳን ሳይቀር ሲቆፍር እሱ ከአንድ ፍርስራሽ ሥር የልጅ ድምፅ ሰማ። ጥፍሩ እስኪነቀል ቧጠጠ። ጭቃው ዳግመኛ ሲናድ ሰዎች ወገቡን ይዘው ጎትተው አወጡት። ድምፁን ከእሱ ሌላ የሰማ አልነበረም።

ለማን ይንገረው? አላስችል ሲለው ግጥም ጻፈና ከመስተዋቱ ጎን ለጠፈው፦

ከጭቃው ሥር ሆኖ ትንሽ ልጅ ይጣራል፣
«እማዬ ጨለመኝ፣ መብራት አብሪ» ይላል።

ጉድ እኮ ነው! ደንበኛው ግማሽ ራሱን ተላጭቶ ያነባል፣ ያለቅሳል። ወዲያው አገር ምድሩ በቃሉ ያዘው።

አንድ ቀን ማዶ ሰፈር ያለችው ልብስ ሰፊ መጣች። ትንሹ ልጇ ዘመድ ቤት ባደረበት ሌሊት እዚያው ጭቃ ውስጥ ቀርቷል። ተቀመጪ ቢላት እምቢ አለች።

«ወንድሜ፣ እውነቱን ንገረኝ። ልጄ ጨለማ ይፈራ ነበር። ያ የተጣራው እሱ ነው? እኔን ሲጠብቅ ነው የሞተው? ይሄን ሳላውቅ ማበዴ ነው።»

ምላጩ የያዘውን መቀስ አስቀመጠ።

«ተስፋዬ አንድ ነገር ብቻ ነው» አለች። «የኔ ልጅ እማዬ ብሎኝ አያውቅም። እህቶቼ ሲጠሩኝ እየሰማ እታለም ነበር የሚለኝ።»

እሱ የሰማው «እታለም ጨለመኝ» ነበር። እህቱን የሚጠራ መስሎት፣ እናት ይበልጥ አንጀት ትበላለች ብሎ ነው «እማዬ» ያደረገው።

«እስቲ በሞቴ፣ እማዬ ሲል ሰምተሃል?»

«አልሰማሁም፣ እህቴ» አለ። «ማንም እማዬ አላለም። ከራሴ ፈጥሬ ነው።»

«እሰይ! ተኝቶ ነዋ የሄደው!» እያለቀሰች ሳቀች፤ ትከሻውንም በመዳፏ መታችው። «አንተ ቀባጣሪ፣ ስንት ጊዜ እንቅልፍ ነሳኸኝ!»

ዛሬ ደንበኛ «እስቲ ያቺን ግጥም በላት» ሲለው «ረስቻታለሁ» ይላል። የት ይረሳል! እሷ ጠዋት ጠዋት በበሩ ስታልፍ አንገቷን ብቅ ታደርጋለች።

«እንዴት አደርክ፣ ቀባጣሪው?»

«ደህና» ይላታል።