የቀን ላይብረሪው አዲስ እትም

ዘርፉ ተክለሃይማኖት ናዝሬት ተወልዳ ያደገች፣ በአንድ የመንግሥት እርሻ ጽሕፈት ቤት አሥራ አንድ ዓመት በታይፒስትነት የሠራች ሴት ናት። በ1978 ዓ.ም. ለጽሕፈት ቤቱ አንድ ኮምፒዩተር ሲመጣ፣ ጣቷ ፈጣን ነው ተብሎ ለስድስት ወር ሥልጠና አዲስ አበባ ተላከች። ስትመለስ፣ ከአዋሽ የሚጠለፈው ውሃ በየትኛው ቀን የትኛው ማሳ እንደሚገባ የሚያወጣ ፕሮግራም ጻፈች።

ቀን መቁጠሩን ግን እሷ አልጻፈችውም። ጳጉሜን ሳይቀር አስተካክሎ የሚቆጥር ዝግጁ ላይብረሪ፣ ማለትም በሌሎች ፕሮግራሞች ውስጥ የሚገባ የፕሮግራም ክፍል፣ ቢሾፍቱ በፕሮግራም ጸሐፊነት የሚሠሩት አቶ ጉደታ በዲስክ ሰጥተዋት ነበር። ፕሮግራሙ ሲገጣጠም ምን ምን አብሮ እንደሚገባ ለኮምፒዩተሩ በሚነግረው ዝርዝር ላይ «የቀን ላይብረሪ» ብላ ብቻ ጻፈች። ሌላ እትም ይመጣል ብላ አላሰበችም።

በ1980 የካቲት ላይ አቶ ጉደታ «የተሻሻለ» የሚል ዲስክ ላኩላት። አሮጌውን አጥፍታ በላዩ ገለበጠችው፤ ፕሮግራሙን እንደገና ገጣጥማ የሳምንቱን ተራ አተመች።

ሐሙስ ጠዋት የቦዩ ጠባቂ አቶ ሆራ ወረቀቱ እንደሚለው መዝጊያውን ከፈቱ። ውሃው ሴቶች ገና እያረሙት ያለውን የሽንኩርት ማሳ አጥለቀለቀው፤ ማዳበሪያውም ታጥቦ ሄደ። ተራው የዓርብ ነበር። ያን ጊዜ የእንዲህ ያለ ጥፋት ስሙ አሻጥር ነው፤ ሽማግሌውን ቀበሌ አሰሯቸው።

«ቀን ተምታቶበት ነው፤ ኮምፒዩተር አይሳሳትም» አላት የክፍሉ ኃላፊ።

«ወረቀቱ ራሱ ሐሙስ ይላል።»

«ታዲያ አሻጥሩ ያንቺ ነው ልበል?»

ዘርፉ ፈራች። በማግስቱ ግን አስፈቅዳ በአውቶቡስ ቢሾፍቱ ሄደች።

«አቶ ጉደታ፣ ምኑን ነክተውት ነው?»

«የሳምንቱ ቀናት ቆጠራ ከአንድ መጀመሩ ቀርቶ ከዜሮ እንዲጀምር አደረግኩት፤ ለሌሎቹ ተጠቃሚዎች ይመቻል። በአሮጌው ቆጠራ የተጻፈ ፕሮግራም ግን አንድ ቀን ያስቀድማል። ማስታወሻ አላያያዝኩም እንዴ?»

«አላያያዙም። አሮጌው አለዎት?»

«አጥፍቼዋለሁ። እንዳንቺ ፕሮግራም የምትጽፈው የአዳሚ ቱሉዋ አማረች ግን ወስዳ ነበር።»

ዘርፉ ከዚያው ወደ አዳሚ ቱሉ ሄደች፤ አማረች አሮጌውን እንዳለ ትሠራበት ነበር። ዲስኩን አልሰጥም ብላ፣ ግልባጭ ብቻ አስወሰደቻት። ዘርፉ ናዝሬት ተመልሳ ፕሮግራሙን በሁለቱም እትም ገጣጠመችው። አንዱ ሐሙስ አለ፣ ሌላው ዓርብ። ሁለቱን ወረቀቶች ከደብዳቤ ጋር አያይዛ ኃላፊው ጠረጴዛ ላይ አኖረች፤ ዲስኩን ሳትሞክር ያስገባችው እሷ መሆኗን በገዛ ስሟ ፈርማለች።

አቶ ሆራ በአምስተኛው ቀን ተፈቱ። እሷ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ደረሳት፤ የደረጃ ዕድገቷም ሁለት ዓመት ታገደ። ከዚያ ወዲያ በዝርዝሩ ላይ የእያንዳንዱን ላይብረሪ ስም ከነእትም ቁጥሩ መጻፍ ጀመረች። አዲስ ዲስክ ሲመጣ አሮጌውን አትነካም፤ ሁለቱን አንድ ሳምንት ጎን ለጎን ታስኬዳለች። አቶ ጉደታ «ሥራዬን አታምኚም ማለት ነው» ብለው ጥቂት ወር አኮረፏት።

አቶ ሆራ እንደተፈቱ ቢሮዋ መጡ። ተቀመጡ ብትላቸውም አልተቀመጡም።

«አንቺ ያሳሰርሽኝ ነሽ ወይስ ያስፈታሽኝ?»

«ሁለቱም እኔ ነኝ፣ አባባ።»

ሽማግሌው «ገላቶሚ» ብለው በኦሮምኛ አመሰገኗት፣ ብዙም ሞቅ ሳይላቸው፤ የሚቀጥለውን ሳምንት ተራ ተቀብለው ወደ ቦያቸው ሄዱ።