አጣቢዋ ያየችው

ኡሙሀኒ ከወሎ መጥታ መቀሌ ከገበያው ጀርባ የምትኖር፣ የሙስሊም ሴቶችን ሬሳ የምታጥብ ሴት ነበረች። ምላሷ ስለት ነው፤ በቁሙ ያለውን ሰው አትምርም። ስለ ሙታን ግን ትንፍሽ አትልም። የሬሳን ነውር የሸፈነ፣ አላህ የእርሱን ይሸፍንለታል ሲባል ሰምታ አድጋለችና፣ ሬሳ ከሚታጠብበት መጋረጃ ውስጥ ያየችው እዚያው ይቀር ነበር።

ጣሊያን በወጣ ማግስት ድሬሰር የሚባለው የሐኪም ረዳት፣ ታመነ፣ ከሸዋ ተመድቦ መጣ። ሥራው ፈንጣጣ የገባበትን ቤት ቶሎ ደርሶበት፣ በሽታው ሳይዛመት ጎረቤቱን መከተብ ነው። ሰው ሕመምተኛውን እየደበቀ ቢያስቸግረው ወደ አጣቢዋ ሄደ።

«አደይ ኡሙሀኒ፣» አላት፣ በአገሩ ወግ እናቴ ሲል፤ «ፈንጣጣ ያለበት ሬሳ ካጋጠመዎት ይንገሩኝ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም።»

«ለሞተ ሰው ደግሞ ምን መድኃኒት አለው?» አለች እየሳቀች።

«ለጎረቤቱ ነው እንጂ።»

እሺም አላለችው፣ እምቢም አላለችው።

በዚያው በጋ የነጋዴው የአብዱልወሃብ ሚስት ሞተች። ኡሙሀኒ ልብሱን ስትገልጥ የሟቿን ፊትና መዳፍ ፈንጣጣ ወርሶታል። ባልየው ከመጋረጃው ውጭ ቆሞ፣ «ምች መታት ይበሉልኝ፤ ከተሰማ ሱቄን የሚረግጥ የለም፣ ልጆቼ ይራባሉ» እያለ አለቀሰ። አንጀቷን በላት። ታመነ መንገድ ላይ ሲጠይቃት «ምች ነው» አለችው። በሽታው ከሟቿ ጋር የተቀበረ መስሏት፣ ወላጅ የሌላትን የልጅ ልጇን ሁሪያን እናት የሞተችባቸውን የአብዱልወሃብን ልጆች እንድታጫውት ላከቻት። ሁሪያ ከልጆቹ ጋር በሟቿ ጋቢ ተኝታ ሰነበተች።

ብዙም ሳይቆይ ትኩሳት ያዛት፤ ከዚያ ፈንጣጣው ፊቷ ላይ ወጣ። ታመነ ተጠርቶ እየሮጠ መጣ። ልጅቷን ገልጦ አየና ክትባቱን ወደ ሣጥኑ መለሰ።

«አሁን አይሠራላትም፣ አደይ። ያኔ ቢሆን ኖሮ…»

ቢሰድባት ይሻላት ነበር።

ሁሪያ ሞተች። ያን ሁሉ ሬሳ ያጠበ እጅ ያችን ትንሽ ገላ አጠበ። ውሃ የምታቀብላት ጎረቤቷ ዘሃራ ጠጋ ብላ፣ «አይዞሽ፣ እኔም አልናገርም። ምች ነው እንላለን» አለቻት።

ኡሙሀኒ መጋረጃውን ገልጣ ልጆቻቸውን ታቅፈው ለቅሶ ወደተቀመጡት ሴቶች ወጣች።

«ልጄን የገደላት ፈንጣጣ ነው። ከአብዱልወሃብ ቤት ነው የመጣው፤ አይቼ የደበቅሁት እኔ ነኝ። ልጆቻችሁን ይዛችሁ ወደ ታመነ ሂዱ።»

ሴቶቹ ልጆቻቸውን እያነሡ ወጡ። ዘሃራም የራሷን ልጅ ፍለጋ ተከትላቸው ሄደች። ለሁሪያ የሚያለቅስላት ከአያቷ በቀር ማንም አልቀረም።