ጅብ ያነቀ አጎት፣ ሰው የገደለ ሙሽራ

ይህ የሆነው አምና ጥር ላይ ነው። በረዶው እስከ ጉልበቴ ደርሶ ነበር፤ እኔ ሳወራው ግን እስከ ደረቴ ነው። ዓመት አልፎትም ከአእምሮዬ ያልወጣው፣ በዕድሜዬ አንድ ጊዜ በቁም ነገር መርማሪ የሆንኩት ያን ጊዜ ስለሆነ ነው። መጨረሻ ላይ የተመረመርኩት ግን እኔው ነኝ።

ስሜ ግርማ ነው፤ ኦስሎ ከተማ፣ አልናብሩ የሚባል ሰፈር፣ የጭነት መጋዘን ውስጥ ዕቃ ማንሻ ፎርክሊፍት እነዳለሁ። የእህቴ የወይንሸት ባል የሞተው ልጃቸው ቤዛ አራት ዓመት ሳይሞላት ነው። ከዚያ ወዲህ የትምህርት ቤት ስብሰባ የምሄደው እኔ ነበርኩ። ብስክሌት ያስተማርኳትም እኔ ነኝ፤ ሳስተምር የወደቅኩትም እኔ። ስትተኛ ደግሞ አገር ቤት ሳለሁ ጅብ በእጄ አንቄ እንደገደልኩ እነግራት ነበር። ቤዛ ባደገች ቁጥር ጅቡም አብሯት ያድግ ነበር።

እንግዲህ በሃያ ሰባት ዓመቷ መጥታ "ጋሼ፣ ሽማግሌ ሊልክ ነው" ስትለኝ፣ እሺ ወይም እምቢ የሚለው አፍ የእኔ ነበር።

"ማን ነው እሱ?"

"ማርከስ ይባላል። አሜሪካዊ ነው።"

"ሥራው?"

"ባርነሃገ ውስጥ ሕፃናት ይጠብቃል።" ባርነሃገ የዚህ አገር መዋዕለ ሕፃናት ነው። ቀጥላ "ራፕም ይሠራል" አለች።

ከሁለቱ ጆሮዬ የገባው የኋለኛው ብቻ ነው።

በእኛ ወግ የሴት ወገን ዝም ብሎ ልጅ አይሰጥም። ልጁ የማን ልጅ ነው፣ አስተዳደጉ እንዴት ነው ብሎ ያጠያይቃል። አገር ቤት ቢሆን አንድ ሰው ወደ ሰፈሩ ልኬ በሁለት ቀን እስከ ሰባት ቤት ይቆጠርልኝ ነበር። እሱ ያደገው ግን ክሊቭላንድ ነው፤ እዚያ አንድ ሰው አላውቅም። ሽማግሌዎቹ የሚመጡበት ቅዳሜ ሊደርስ ሁለት ሳምንት ቀርቶታል። ሰው ባጣሁ ጊዜ ዘፈኖቹን ጠየቅኩ።

የመድረክ ስሙን አልናገርም፤ ብናገረውም አታውቁትም። ያን ሰሞን ካዳመጡት ሰዎች ግማሹ እኔ ሳልሆን አልቀርም። በምሳ ሰዓት መጋዘኑ ጥግ ቁጭ እልና፣ ያልገባኝን በስልኬ እያስተረጎምኩ፣ ወንጀሉን አንድ በአንድ በደብተር እመዘግባለሁ።

በመጀመሪያው ዘፈን አባቱን አያውቀውም። በሁለተኛው እናቱ በመጠጥ ሞታለች። በሦስተኛው በዐሥራ አምስት ዓመቱ ዕፅ ሲሸጥ እናገኘዋለን። በአራተኛው አምስት ዓመት ታስሯል። በአምስተኛው ጠላቶቹን ቀብሯል፤ ስንት እንደሆኑ አይናገርም፣ መቃብር ቆፋሪው በስሜ ይጠራኛል ብቻ ይላል። ስድስተኛው የፍቅር ዘፈን ነው። እሱን ከሁሉ ይበልጥ ጠረጠርኩት።

ደብተሩን ለቤዛ አነበብኩላት። ሳቀችብኝ።

"ሄሬጉድ፣ የአምላክ ያለህ ጋሼ! ዘፈን እኮ ነው!"

"ሰው በገዛ አፉ ከተናዘዘ ሌላ ምን ምስክር ያስፈልጋል?"

ቀልድ አለመሆኑ ሲገባት ሳቋ ጠፋ። "አንተ እምቢ ካልክ እማዬም እምቢ ትላለች። ታውቃለህ አይደል?" ብላኝ ኮቷን ይዛ ወጣች። አውቃለሁ። የሚያስፈራኝም እሱ ነበር። አሳልፌ የምሰጣት የሌላ ሰው አደራ ናት።

ከዚያ ክትትል ጀመርኩ። የጠዋት ፈረቃ ስለሆንኩ ከሰዓት በኋላ ነፃ ነኝ። ፎቶውን ቤዛ አሳይታኛለች፤ ቁመቱ ሁለት ሜትር ይሆናል፣ ለሌላ ሰው ስነግር ሦስት። እሱ የሚሳፈርበት ሮምሶስ ጣቢያ ጠብቄ ከኋላው ቲባን የሚሉት የከተማ ባቡር ላይ ተሳፈርኩ። ዞር ብሎ አየኝና በሚቀጥለው ጣቢያ ወርዶ ሌላ ፉርጎ ገባ። ንጹሕ ሰው ያለ ምክንያት ፉርጎ ይቀይራል? በማግስቱ በሩ ሊዘጋ ሲል ዘሎ ወረደ፤ እኔ አፍንጫዬ መስታወቱ ላይ ተለጥፎ ቀረ። ይህ ክትትል የለመደ ሰው ሥራ ነው ብዬ እሱንም መዘገብኩ።

ባርነሃገ የተባለውም እውነት መሆኑን ላጣራ ሄድኩ። ቡናማ ባርኔጣዬን ወደ ግንባሬ ዝቅ አድርጌ በአጥሩ ቀዳዳ ተመለከትኩ። አለ! ቢጫ ሰደርያ ለብሶ በረዶው ላይ ተንበርክኳል። አንዱ ሕፃን ጀርባው ላይ ነው፣ አንዷ ንፍጧን በእጅጌው ትጠርጋለች፣ እሱ የሦስተኛውን ጫማ ያስራል። ሌላ ሰው ቢያየው አንጀቱ ይራራ ነበር። እኔ ግን "ወይ ሽፋን! እንዴት ያለ የተጠና ሽፋን ነው!" አልኩ።

ይህን ስል አንዲት ፀጉረ ነጭ ኖርዌጂያዊት በአጥሩ ወዲያ በኩል ፊት ለፊቴ ቆማለች። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ጥያቄዎች በኔይ፣ ማለትም በአይ፣ አለፍኳቸው።

"ልጅ ልትወስድ ነው የመጣኸው?"

"ኔይ።"

"እዚህ የሚማር ልጅ አለህ?"

"ኔይ።"

"ታዲያ ምን እየሠራህ ነው?"

"ወፍ እያየሁ" አልኩ። ጥር ነው እንግዲህ፤ ክንፍ ያለው ሁሉ ስፔን ገብቷል። ሴትየዋ ባርኔጣዬን እስኪበቃት አየችው። ሩጫ በማይመስል ሩጫ ከዚያ ጠፋሁ።

ቅዳሜ ደረሰ። ደብተሬን በኮቴ ኪስ ሸጉጬ አመሩድ ሰፈር እህቴ ቤት ዋናው ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። ቤዛ እንደ ወጉ ወጥ ቤት ገብታለች። ሙሽራው እንደ ወጉ አብሮ አልመጣም፤ ሕንጻው ሥር ቆሞ መልሱን ይጠብቃል።

በሩ ተንኳኳ። መጀመሪያ የገባው የማርከስን ፀጉር የሚያስተካክለው ኤርትራዊው ጋሽ ተኽለ ነው። ታብሌት በብብቱ ይዟል። "ሁለቱ ሽማግሌዎቻችን እዚህ ውስጥ ናቸው፤ ወላጆቹ ናቸው። ክሊቭላንድ ገና ጠዋት ነው" አለና ታብሌቱን ጠረጴዛው ላይ አቆመው። ከኋላው የማርከስ የባርነሃገ አለቃ ኢንግሪድ አበባ ታቅፋ፣ በሱፍ ካልሲ ገባች። ቀና ስትል ዓይን ለዓይን ገጠምን።

"የወፉ ሰውዬ!" አለች በኖርዌጂያንኛ።

"የምን ወፍ?" አለች እህቴ።

ጋሽ ተኽለ ነገሩን ወደ ወጉ ሊመልስ ጉሮሮውን ጠራረገ። "ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም። የመጣነው..."

ኢንግሪድ ግን ወግም ተራም አልጠበቀችም። "ማርከስ ሳምንት ሙሉ ከሥራ በወጥ ቤት በር ነው የሚወጣው። የእጮኛው አጎት ሊገድለኝ ይከተለኛል ብሎ ይንቀጠቀጣል። ይህ ሰው ጅብ በእጁ አንቆ የገደለ ነው ብላ ቤዛ ከነፎቶው ነግራዋለች!"

ሁሉም ወደ እኔ ዞረ። ወይንሸት እጇን አፏ ላይ አድርጋለች፤ ሳቅ ይሁን እፍረት አልለየሁትም።

"እኔን ተዉኝ! ገዳዩ እሱ ነው!" ብዬ ደብተሬን መዘዝኩ። በኖርዌጂያንኛ አንድ ጊዜ፣ በእንግሊዝኛ አንድ ጊዜ ማንበብ ጀመርኩ። አባት የለውም። እናቱ በመጠጥ...

"ማን ነው የሞተው?" የሚል ድምፅ ከጠረጴዛው መጣ።

እናትየው ናት። ቀጥ ብላ ተቀምጣ ከመነጽሯ በላይ ታየኛለች። "እኔ ሠላሳ ዓመት የትምህርት ቤት ዳይሬክተር ነበርኩ። በቁርባን ካልሆነ ወይን ቀምሼ አላውቅም። ያን ዘፈን ሰምቼ ሦስት ወር አላነጋገርኩትም!" አጠገቧ ያ የማይታወቀው አባት ከረባት አስሮ ተቀምጧል። የጥርስ ሐኪም ነው።

"እኔማ እንደ ራሴ ሐኪም ላደርገው ነበር" አለ አባት በሐዘን። "ክሊኒክ ባስገባሁት በመጀመሪያው ቀን ደም አይቶ ወደቀ። ከወለሉ ያነሳችው በሽተኛዋ ናት።"

ቀሪውን እየተቀባበሉ ነገሩን። ኦስሎ የመጣው ለአንድ ትንሽ ክለብ ቅርጫት ኳስ ሊጫወት ነው። ጉልበቱ ተሰበረ። አልጋ ላይ ተኝቶ ግጥም መጻፍ ጀመረ። "የጥርስ ሐኪም ልጅ ነኝ ብሎ ቢዘፍን ማን ይሰማዋል?" አለች እናትየው።

እኔ አሁንም አልተረታሁም። "ወላጅ መቼ ልጁን ያጋልጣል?" አልኩ።

ያን ጊዜ እህቴ ተነሳች። "አንተ ግርማ! አባባ ሰርግ ላይ ሲፎክር ስንት ሰው ይገድል ነበር?"

"እሱን ምን አመጣው?"

"ስንት?"

"ዘጠኝ" አልኩ። "ጠላ ከበዛ ዐሥራ ሁለት።"

"የእኛን ዶሮ ማን ነበር የሚያርደው?"

የሚያርድልን ጎረቤታችን ነበር። አባባ ደም ማየት አይችልም ነበር፤ ዶሮ በታረደ ቀን ከቤት ይጠፋል። ማታ ግን ዘራፍ ብሎ ሲነሳ አገሩ ይንቀጠቀጣል፣ እኛም እናጨበጭባለን። ማናችንም ፖሊስ አልጠራንም።

የወጥ ቤቱ በር ትንሽ ገርበብ ብሏል። ቤዛ በክፍተቱ አፌን አፌን ታየኛለች። አባቷ የሞተ ቀንም እንዲሁ ነበር ያየችኝ፤ ምን እንደምላት እየጠበቀች። ያን ቀን የምለው አጥቼ ነበር።

ደብተሩን አጥፌ ወደ ታች ወረድኩ።

ማርከስ ቆሻሻ መጣያው አጠገብ ያለ ካፖርት፣ በሙሉ ልብስ ቆሞ ጥርሱ ይንገጫገጫል። ሲያየኝ ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ አለ። ከኋላው የበረዶ ክምር ባይኖር ሮምሶስ ይደርስ ነበር።

"ጋሼ" አለኝ፤ ከቤዛ የለመደው ነው። "ጅቡን... እውነት ነው?"

ለሠላሳ ዓመት ማንም እንዲህ ፊት ለፊት ጠይቆኝ አያውቅም። "ሞቶ መንገድ ላይ ነው ያገኘሁት" አልኩት። "ያውም ከሩቅ ነው ያየሁት። አንተስ፣ አምስቱ ዓመት እስር?"

"አንድ ጊዜ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ እንቅልፍ ወስዶኝ ተቆልፎብኝ ነበር።"

"የቀበርካቸውስ?"

"የእህቴን ጥንቸል" አለ አንገቱን ደፍቶ። "እሱንም አባቴ ነው የቆፈረው።"

ኮቴን አውልቄ ትከሻው ላይ ጣልኩለት፤ እስከ ክርኑ ብቻ ደረሰ። "በል ና፣ እንውጣ። ሽማግሌዎችህ በእግራቸው ቆመው ቀርተዋል" አልኩት። እውነትም ስንገባ ኢንግሪድ አበባዋን እንደታቀፈች በካልሲዋ ቆማለች፤ እሺ ሳይባል አይቀመጡም ብሏታል ጋሽ ተኽለ። "እሺ፣ ሰጥተናል፣ በሉ ተቀመጡ" አልኩ። ወንበር ላይ የወደቀችበትን ድምፅ አልረሳውም። ወጥ ቤት ውስጥ አንድ ብርጭቆ ተሰበረ፤ ማንም አልተቆጣም።

በበጋው ተጋቡ። ደብተሩ እስካሁን መሳቢያዬ ውስጥ አለ። አንዳንዴ አውጥቼ ሳየው እስቃለሁ፤ ቀጥሎ ግን ያ የበር ክፍተት ትዝ ይለኝና ሳቁ ይቆማል። ባልወርድ ኖሮ እላለሁ። ውሸት በመጨመር እኔን የሚያክል ሰው ኦስሎ ውስጥ የለም፤ የሙያ ባልደረባዬን እንዴት ሳላውቀው ቀረሁ?

ዘንድሮ አዲስ ዘፈን አወጣ። ስለ አንድ ባለ ቡናማ ባርኔጣ አጎት ነው። ጅብ ያንቃል፣ ሙሽራውን በባቡር ውስጥ ጩቤ ይዞ ያሳድዳል፣ ጥይት እንደ በረዶ ይወርዳል። አንድም ጥይት አልነበረም፤ ወፍ እንኳ አልነበረም። ይኸኛውን የሚሰማው ሰው ግን በዝቷል። መጋዘን ውስጥ መንገድ የሚለቁልኝም በዝተዋል።

ባለፈው ሰሞን አንድ ጎረምሳ የጭነት መኪና ሾፌር ከመኪናው ወርዶ ፈራ ተባ እያለ ቀረበኝ። "ያ ዘፈን ላይ ያለው አጎት አንተ ነህ ይላሉ። አንድ ጅብ በእጅህ አንቀሃል የሚሉት እውነት ነው?"

ማርከስን አሰብኩት፣ ከቆሻሻ መጣያው አጠገብ ሲንቀጠቀጥ። እውነቱን መናገር እንደሚገባኝም አሰብኩ።

"ኔይ፣ ውሸት ነው" አልኩት። ቅር ሲለው ፊቱን አይቼ ግን አልቻልኩም።

"ሁለት ነበሩ።"