አልጋ ያላወጣችው መምህርት

ልጅ እያለሁ አልጋዬ በቀን ሁለት ጊዜ በር ይሻገር ነበር። ማታ ወደ መንገድ ይወጣል፣ ጠዋት ወደ ቤት ይገባል። ከአንዳንድ የሰፈራችን ሰው ይልቅ ብዙ አገር ያየ አልጋ ነው። ያደግኩት አሰብ ነው፤ የአሰብን ሙቀት ላላየው ሰው ማስረዳት ከባድ ነው። እኔ በአጭሩ፣ በእኛ ከተማ ዶሮ የምትጥለው የተቀቀለ እንቁላል ነው ብዬ አልፋለሁ። ባለቤቴ አዲስ አበባ ተወልዳ ያደገች ስለሆነች ይኼን ስትሰማ "አንተ ሰውዬ፣ እግዜርን ፍራ እንጂ!" ትለኛለች። እሺ፣ የተቀቀለው ይቅር፤ ለብ ያለ ይሁን።

ከተማዋ ከፊቷ ቀይ ባሕር፣ ከኋላዋ ጥቁር ድንጋይና አሸዋ ነው። በመሃል እኛ አለን። በአንድ በኩል ወደቡ፣ በሌላ በኩል እንደ ተራራ የተከመረው ጨው፣ ራቅ ብሎ ደግሞ ቀን ከሌት የሚነደው የነዳጅ ማጣሪያው ነበልባል። ሙቀቱ ያነሰ መስሏቸው ነው መሰለኝ በላዩ እሳት የጨመሩበት። አየሩ ጨው ጨው፣ ናፍታ ናፍታ፣ ማታ ማታ ደግሞ የተጠበሰ ዓሣ ይሸታል። ወደ ደጋ የምታወጣው መንገድ አንዲት ነበረች፤ በእሷ ላይ ከባድ መኪኖች በረሃውን እያቋረጡ ኮምቦልቻ ይደርሳሉ። ሰው የሚመጣውም የሚሸሸውም በእነሱ ነበር።

ሰዉ ግን! አፋሮቹ የአገሩ ባለቤቶች ናቸው፤ ዳቦ ጋጋሪው የመኒ፣ የወደብ ጫኙ የወሎና የጎጃም ሰው፣ ባለሱቁ ጉራጌ፣ ባለጋራዡ የአሥመራ ልጅ። እኛ ልጆች በየትኛው ቋንቋ አፋችንን እንደፈታን እናቶቻችን እንኳ አይስማሙም። ስንሰዳደብ ግን የሁሉንም ቋንቋ ምርጥ ምርጡን ነበር የምናወጣው።

ፀሐይ ከተራሮቹ ጀርባ ስትወርድ መንገዱ በአልጋ ይሞላል። የገመድ አልጋ፣ የብረት አልጋ፣ አንድ እግሩ በጡብ የተተካ አልጋ፣ ሁሉም ቦታ ቦታውን ያውቃል። ሴቶችና ሴት ልጆች ከግድግዳው ሥር፣ እኛ ወንዶች ልጆች መሃል፣ አባወራዎቹ ሽርጣቸውን ታጥቀው ከመንገዱ ጠርዝ። አንሶላችንን ውኃ ውስጥ ነክረን፣ ጨምቀን እንለብሳለን፤ ሳይደርቅ እንቅልፍ ይወስደናል። የማን ባል እንደሚያንኮራፋ፣ ማን በእንቅልፍ ልቡ እንደሚያወራ ሰፈሩ በሙሉ ያውቃል። በአሰብ ምሥጢር የሚባል ነገር የሚኖረው በክረምት ብቻ ነበር፤ ክረምት ደግሞ የለንም።

ይኼን በቀደም ለልጄ ስነግራት ዓይኗን አፍጥጣ፣ እንደ ልማዷ በእንግሊዝኛ፣ "ዳድ፣ ሆምለስ ነበራችሁ?" አለችኝ።

"ቤትማ ነበረን፤ ኤሲያችን ነው መንገድ ላይ የነበረው" አልኳት።

እና ስድስተኛ ክፍል በገባሁበት ዓመት ቲቸር አስካለ ከደብረ ብርሃን ተመድባ መጣች። አሁን ሳስበው ገና ኮሌጅ የጨረሰች ልጅ ነበረች፤ ያኔ ግን "እርስዎ" ነበር የምንላት። ከመኪናው ስትወርድ የሱፍ ሹራብ ለብሳለች። ሰፈሩ የሱፍ ሹራቡን ለማየት ብቻ ወጣ። ክፍል ውስጥ ስለ አገሯ ስትነግረን፣ ጠዋት ስናወራ ከአፋችን ጭስ ይወጣል፣ ባልዲ ውስጥ ያደረ ውኃ ድንጋይ ይሆናል አለች። አጠገቤ የሚቀመጠው ጓደኛዬ ሰዒድ በጆሮዬ "ሴትየዋ ጎበዝ ናት፣ ግን ትዋሻለች" አለኝ። ዛሬ በምኖርባት የፈረንጅ ከተማ፣ ሮዝቪል ውስጥ፣ ጥር ወር ላይ የመኪናዬን መስታወት ስፍቅ፣ ቅንድቤ ላይ በረዶ ሲጋገር፣ ሰዒድን ጠርቼ ባሳየሁት እላለሁ።

ትምህርቷ ግልጽ፣ እጇም ለዱላ የማይቸኩል ነበርና ወደድናት። ሰፈሩ ግን አልወደዳትም። የተከራየችው ከእኛ ቤት ፊት ለፊት ያለችውን የቆርቆሮ ክፍል ነበር። ሰው ሁሉ አልጋውን ሲያወጣ እሷ በሯን ትዘጋለች። በሩ አልበቃ ብሏት መስኮቱንም ትዘጋለች።

"ኩራት ነው!" አለች እትዬ ፋጡማ። እትዬ ፋጡማ ዓሣ ትሸጣለች፤ ከዚያ የተረፈውን ጊዜዋን መንገዱን ታስተዳድራለች። የማን አልጋ የት እንደሚቆም የምትወስነው እሷ ናት። "እኛ አንሰናት ነው። ጎን ለጎን መተኛቱ ከብዷት ነው።"

"የተማረች ሴት እኮ ናት" አለች እናቴ፣ ግማሽ ለመከላከል፣ ግማሽ ለማሽሟጠጥ። "እንደ እኛ መንገድ ላይ ትተኛ?"

ማንም ሄዶ በሯን አላንኳኳም። በጥቅምት ቲቸር ዓይኗ ቀልቶ፣ ከንፈሯ ደርቆ፣ ጠመኔው ከእጇ እየወደቀ ታስተምር ጀመር። አንድ ሰኞ ከጥቁር ሰሌዳው ፊት ቆማ፣ "ልጆች፣ አልቻልኩም። ቅዳሜ በሚወጣው መኪና እሄዳለሁ" አለች።

እኛ ደግሞ የዚያ ዓመት ተፈታኞች ነን። የስድስተኛ ክፍል ሚኒስትሪ እኮ ነው! ከእኛ በፊት የነበሩት ልጆች መምህር ሲመጣላቸው፣ ሲሸሽባቸው ከርመው፣ ፈተናውን ከክፍሉ ወንበሮች በቀር ማንም አላለፈውም ይባል ነበር። አባቴ ደግሞ የወደብ ሰው ነው፤ ብዙ አያወራም። "ሚኒስትሪ ከወደቅህ ጨው ትሸከማለህ" ብሎኛል። ጨው ተሸካሚዎቹን አይቻቸዋለሁ። እግራቸው እንደ ዓሣ ቆዳ ተሰነጣጥቋል። ያለ ቲቸር አስካለ እኔ ያለጥርጥር ጨው ነኝ።

ለስንብት ይመስላል የቤት ሥራ ሰጠችን፦ የከተማችሁን ታሪክ፣ መልክዓ ምድርና የሕዝብ ብዛት አዘጋጅታችሁ አርብ ንገሩኝ። "አንድ ነገር እንኳ ሳላውቅላት እንዳልሄድ" አለች።

እኔና ሰዒድ ተጣመርን። መልክዓ ምድሩ ቀላል ነው፤ ሙቀት በአራቱም አቅጣጫ ያዋስናታል። ለታሪኩ የሰዒድን አያት አባባ ሁመድን ጠየቅን። በጀልባ ባሕሩን ሲያቋርጡ የኖሩ ሽማግሌ ናቸው። መሬቱን ድሮ ጣሊያኖች ከሱልጣኖቹ ገዙት ይባላል ስንላቸው ተቆጡ። "ሸጡ አትበሉ! ሙቀቱን ሲያዩ ራሳቸው ይመልሱታል ብለው ነው የሰጧቸው።" እንዳሉት ጻፍነው።

የቸገረን የሕዝብ ብዛቱ ነው። የከተማውን ሁሉ መቁጠር አንችልም፤ ሰፈራችን ይበቃል አልን። ግን በቀን ሰዉ ወደብ ላይ፣ ጨው ላይ፣ ባሕር ላይ ተበትኗል።

"አልጋ እንቁጠር" አለ ሰዒድ። "ሰው ይደበቃል፣ አልጋ አይደበቅም።"

ፀሐይ ስትወርድ ከመንገዱ ጫፍ ጀመርን። ወሬው ከእኛ ቀድሞ ይሮጥ ስለነበር አልጋው ላይ ጋደም ያለ ሁሉ ተነስቶ ይቀመጣል።

"እኔን ቆጠራችሁኝ?"

"ቆጥረናል እትዬ።"

"ባሌንስ?"

"አልመጡም እኮ።"

"እንዳትቆጥሩት! መጥቶ ይቆጠር!"

እንዲህ እያልን ቲቸር በር ደረስን። ዝግ ነው። ከውስጥ የሻማ ብርሃን በበሩ ሥር ይታያል።

"እንቁጠራት?" አልኩ።

"አልጋዋ የለም።"

"እሷ ግን አለች።"

"ቅዳሜ የለችም" አለ ሰዒድ። ወደሚቀጥለው አልጋ አለፍን። ደስ አላለኝም፤ ጨዋታው እዚያ ላይ አበቃ።

አርብ ተራችን ደርሶ ተነሳሁ። ታሪኩን አልኩ፣ መልክዓ ምድሩን አልኩ፣ ከዚያ የሰፈሩን ሕዝብ ብዛት ተናግሬ፣ "ቲቸርን ሳይጨምር" ብዬ ጨረስኩ።

ቀና አለች። "ለምን ሳይጨምር?"

"አልጋ አላወጡማ።"

ክፍሉ ሳቀ፤ እሷ አልሳቀችም። "አልጋ ማውጣት ግዴታ ነው እንዴ?"

"ግዴታስ አይደለም" አለ ሰዒድ ከተቀመጠበት። "ግን ካላወጡ እንዴት ይተኛሉ?"

"እኔ እኮ ክፍል የጠበበው ሰው ብቻ የሚወጣ መስሎኝ ነው" አለች ቀስ ብላ። "ደግሞ ማንም ነይ አላለኝም። እናቴ ስትሸኘኝ፣ የባሕር ነፋስ ክፉ ነው፣ በርና መስኮት ዘግተሽ ተኚ፣ ነፋስ እንዳይመታሽ ብላኛለች።"

ይኼን ጊዜ ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ከወንበር የወደቀም ነበር። "ቲቸር!" አለ ሰዒድ እንባውን እየጠረገ፣ "እኛ እኮ የምንወጣው ነፋስ እንዲመታን ነው!"

ከት/ቤት እስከ እትዬ ፋጡማ የዓሣ ጠረጴዛ የሮጥኩትን ሩጫ አንድ አሠልጣኝ አይቶኝ ቢሆን ዛሬ የማወራችሁ ስለ ወርቅ ሜዳሊያዬ ነበር። እትዬ ፋጡማ ነገሩን ስትሰማ ቢላዋውን አስቀመጠች። አፏን በእጇ ያዘች።

"ያ ረቢ! ልጅቷን ቀቅለን ልንመልሳት ነው? እኔስ ኩራት ነው ብዬ!"

አመሻሹ ላይ የሰፈሩን ሴቶች አስከትላ የቲቸርን በር አንኳኳች። የተከፈተው በር ያወጣው ትኩሳት የዳቦ ቤት ምድጃ ይመስል ነበር። ቲቸር ሻንጣዋን እያሰረች ነው።

"ያዢ በዚያ በኩል ልጄ" አለቻት እትዬ ፋጡማ፣ የአልጋውን እግር አንስታ።

"ኧረ እትዬ፣ እኔ ነገ ሂያጅ ነኝ።"

"ሂጂ! ማን ያዘሽ? ተኝተሽ ሂጂ ነው የምልሽ።"

አልጋዋ በእትዬ ፋጡማና በእናቴ መሃል፣ ከግድግዳው ሥር ቆመ። ድሪያ የሚባለውን የበረሃ ስስ ቀሚስ አለበሷት፣ የራሰ አንሶላ ሰጧት። ሰፈሩ ተወዳዳሪ የማያገኝለት አንኮራፊ አባቴ ነውና፣ በእትዬ ፋጡማ ትእዛዝ ከነአልጋው ወደ መንገዱ ጫፍ ተሰደደ። እኔ እንደሆንኩ አንድ ነገር ብቻ ነበር የማስበው፦ ቅዳሜ መኪናው ይመጣል፣ እሷም ትሄዳለች፣ እኔም ጨው እሸከማለሁ።

መኪናው ሊነጋጋ ሲል መጣ። ሾፌሩ ከመንገዱ አፍ ቆሞ ጡሩምባውን ነፋው። እንዲህ ያለ ጡሩምባ ሙት ይቀሰቅሳል፤ ቲቸር ግን ንቅንቅ አላለችም። ሁለተኛውን ሊነፋ ሲል የእትዬ ፋጡማ ነጠላ ጫማ በአየር ሄዶ የመኪናውን በር መታው።

"ዝም አትልም? ሰው ተኝቷል!"

"መንገደኛ አለኝ እኮ እናቴ!"

"መንገደኛህ ተኝታለች! መንገዱ የትም አይሄድ!"

ሾፌሩ ጠበቀ፣ አጉረመረመ፣ ፀሐይዋ ሳትከር በረሃውን ልለፍ ብሎ ሄደ። ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም ያላየሁት ነገር የሆነው ያን ጊዜ ነው። ፀሐይ ስትወጣ ማንም አልጋውን ሲያስገባ እንዲያንኳኳ አልተፈቀደለትም። እናቴና እትዬ ፋጡማ ከመስኮቱ እስከ ሌላ አልጋ አንሶላ ወጥረው ጥላ ሠሩላት። ዳቦ ጋጋሪው ጋሪውን በሌላ መንገድ አዞረ። እኛ ልጆች በእግር ጣታችን ስንሄድ አረፈድን። እሷ የወር እንቅልፍ ዕዳ እንዳለበት ሰው ትተኛለች።

ረፋዱ ላይ ዓይኗን ገለጠች። በሰው ተከባለች። "መኪናው?" አለች ደንግጣ።

ሁሉም እትዬ ፋጡማን አየ። "ጠርቶሽ ነበር" አለች እትዬ ፋጡማ። "አልሰማሽም። እኛም አላገዝነውም።"

ቲቸር አስካለ ፊቷን በአንሶላው ሸፈነች። የምታለቅስ መሰለኝ። ትከሻዋ ግን በሳቅ ነበር የሚንቀጠቀጠው። "እንዲህ ተኝቼ አላውቅም" አለች ከአንሶላው ውስጥ። "እሺ፣ እስቲ እስከ ገና ልየው።"

ገና ሲደርስ ደግሞ፣ ያችን ለስለስ ያለች አየር "ብርድ" ብለን ሹራብ ለብሰን ስንንዘፈዘፍ፣ እሷ እጅጌ ጉርድ ሸሚዝ ለብሳ በመንገዱ እየዞረች ትስቅብን ነበር። አልሄደችም። ሚኒስትሪ ተፈተንን፤ ራሴን እስኪገርመኝ አለፍኩ። አባቴ ማለፌን በሰማበት ማታ የቲቸርን አልጋ ተሸክሞ ያወጣው እሱ ነበር።

ዛሬ የዚያ መንገድ ሰው ተበትኗል፤ ጅቡቲ ያለ አለ፣ ኮምቦልቻ ያለ አለ፣ አንዱን እዚሁ ፍሮግታውን የሚባል ሰፈር፣ ሱቅ ውስጥ በርበሬ ሲያስመዝን አግኝቼው ተቃቅፈን መተላለፊያ ዘግተናል። እኔ ሕመምተኛ ወደ ክሊኒክ በማድረስ ሥራዬ ስዞር እውላለሁ፤ ማታ አፓርትመንታችን ስገባ መተላለፊያው ፀጥ ያለ ነው። ከግድግዳችን ባሻገር የሚኖረውን ሰው ስም ሳላውቅ ልጄ አድጋ ትምህርት ቤት ገባች።

ባለፈው ሐምሌ ግን የሕንጻው ኤሲ ተበላሸ። መጀመሪያ ሰዉ በየክፍሉ ተነጫነጨ፤ በኋላ አንድ በአንድ እየወጣ፣ ታጣፊ ወንበሩን ይዞ ከፓርኪንጉ ጎን ሣሩ ላይ ተቀመጠ። ከሩቅ ምሥራቅ የመጡት የሞንግ አያቶች፣ የሶማሌ ልጆች፣ የታች ቤቱ ነጭ ሽማግሌ በውስጥ ልብሱ። ያ ከግድግዳው ባሻገር ያለው ሰው ሬይ ይባላል፤ ሐብሐብ ቆርጦ አካፈለን። እኔ እንደፈረደብኝ የዶሮዋን እንቁላል ነገር አወራሁ፤ ልጄ ተረጎመችልኝ፤ አንድም ሰው አላመነኝም፤ ሁሉም ግን ሳቀ።

ሊመሽ ሲል ቴክኒሻኑ ጣሪያው ላይ ሆኖ አውራ ጣቱን አሳየን። ሰዉ አጨበጨበ፤ እኔም አጨበጨብኩ። ወንበሮቹ ተጣጠፉ፣ መስኮቶቹ ተራ በተራ ተዘጉ። ባለቤቴ ከላይ ሆና "አንተ፣ ግባ እንጂ! ቀዝቅዟል እኮ!" አለችኝ።

"መጣሁ" አልኳት። ሬይም ገና አልተነሳም ነበር። የቀረውን ሐብሐብ ወደ እኔ ገፋ አደረገልኝ፤ ወንበሬን ጠጋ አድርጌ ተቀመጥኩ።